ስንቴ ጠየቅሃቸው?

ባለፈው ቅዳሜ ኧርቪንግ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ሰዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲሰጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ከፍቼ መጠበቅ፣ ሲያልቅ መዝጋት ነው ሥራዬ። አስተማሪዋ የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ «ግድ እንደሌለን የምንናገርባቸው አባባሎች» ይላል። ከሥሩ ደረደረቻቸው፦ አይ ዶንት ማይንድ። ኢት ሜክስ ኖ ዲፈረንስ ቱ ሚ። ዋትኤቨር። አይ ኩድንት ኬር ለስ። «የመጀመሪያው የጨዋ ነው። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ሰው ታስቀይማላችሁ» አለች። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ያን የመጨረሻውን የተማርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ነው። አብሮኝ የሚሠራ፣ የዕቃ ማንሻ መኪና ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰውዬ ነበር፤ አለቃ ቢቆጣም፣ የምሳ ሰዓት ቢያልፍም መልሱ አንድ ነው፤ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «አይ ኩድንት ኬር ለስ»፤ ደንታዬም አይደለም ማለቱ ነው። እንዴት እንደቀናሁበት አትጠይቁኝ። እኛ እኮ ግድ የለኝም ለማለት እንኳ ሰው አስፈቅደን ነው። በኪሴ በምይዛት ትንሽ ደብተር ጻፍኩት፣ መስታወት ፊት ቆሜ ከነትከሻው ተለማመድኩት። የምጠቀምበት ቦታ ብቻ ጠፋኝ፤ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ያኔ ሁሉም ነገር ግድ ይለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ጎረቤቴ ጽጌ ኤርፖርት በጽዳት ትሠራ ነበር። አጎቷን ጋሽ ሙላትን ከጎንደር አስመጥታ አብረው ይኖራሉ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ ላይ ጋሽ ሙላት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ኦፕሬሽን ተደረጉ። ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ጽጌን ፈቃድ ከለከሏት። «አንተ ዛሬ ኦፍ ነህ አይደል? እባክህ ሄደህ አስተርጉምልኝ» አለችኝ። ኖ ፕሮብለም ብዬ ሄድኩ።

የፓርኪንጉ አስፋልት ከሙቀቱ የተነሳ ጫማ ይይዝ ነበር። ጓደኞቼ ኤሲ ከፍተው መኪና ውስጥ ይጠብቁኛል፤ ኳስ ልንጫወት ነው። አስር ደቂቃ ብያቸው ገባሁ። በሽተኛ ወጥቶ የሚሄድበትን የምታመቻቸው የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ወረቀት ይዛ መጣች። ጋሽ ሙላት መራመድ እስኪችሉ የሚያገግሙበት ቦታ ሁለት ምርጫ አለ አለች። በመኪና ካልሆነ የማይደረሰው ፎርት ዎርዝ ዛሬውኑ ክፍት አልጋ አለ። ኧርቪንግ ያለው ደግሞ ከጽጌ አፓርትመንት በእግር ይደረሳል፤ ግን አልጋው እስኪለቀቅ ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። የትኛውን ይመርጣሉ? ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ሙላት ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው «እኔን አታስቡ። ለእናንተ የሚቀለው ይሁን» አሉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እዚህ ላይ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። እናቴ ቤት እንግዳ ብላ ሲባል ጠግቤያለሁ ይላል፤ ደግመው ይለምኑታል፤ በሞቴ ይሉታል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው መልስ ሳህን የሚያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሙላት ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር።

ግን ጓደኞቼ ታች አሉ፤ ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ታየኛለች፤ ያ አባባልም አፌ ላይ መጣ። ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ «ሂ ኩድንት ኬር ለስ» አልኳት። ቅንድቧ ከፍ አለ፣ ከዚያ ሳቅ ብላ ፎርት ዎርዝ ላይ ምልክት አደረገች። በእንግሊዝኛዬ የተገረመች መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጽጌ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ያዘችኝ።

«ፎርት ዎርዝ ያሉት ራሳቸው ናቸው?»

«የትም ቢሆን ግድ የለኝም ነው ያሉት።»

«ስንቴ ጠየቅሃቸው?»

«ሦስቴ» አልኳት፣ አፌን እንኳ ሳይዘኝ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «እንግዲያው እኔ ቤት ሰልችቷቸዋል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

መኪና አልነበራትም፤ ፎርት ዎርዝ ለመሄድ የሚወስዳት ሰው መለመን ነበረባት። ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይሏታል። እሷም ከፍቷት ስለነበር ወደ እኔ ይምጡ ብላ አልተጫነቻቸውም። በፍልሰታ አንድ ቀን አጥሚት በፔርሙስ አስይዛ ላከችኝ። ጋሽ ሙላት ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ትሪው ላይ ሥጋና ወተት እንደቀረበ ቀዝቅዟል፤ ጾም መሆኑን የሚነግርላቸው ሰው የለም። አጥሚቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ።

«ጽጌ ደህና ናት? ሥራ በዝቶባት ነው መሰል» አሉ። ፔርሙሱን ሲመልሱልኝ «ያን ቀን ለሴትየዋ ምን ብለህ ነው የነገርክልኝ? ሳቀች እኮ» አሉኝ።

«ያሉትን ነው ጋሼ።»

«ጎሽ። እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው» አሉ።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ባዶውን ፔርሙስ ይዤ ወጣሁ። ኅዳር ላይ የሳንባ ምች ይዟቸው እዚያው አረፉ። ለቅሶው ላይ ጽጌ ለመጣው ሰው ሁሉ «እኔ ጋ መሆን አልፈለጉም ነበር» ስትል ሰማሁ። ወንበር እያመላለስኩ ነበር፤ ማመላለሴን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ዕለት ትምህርቱ አልቆ ሻይ ሲቀዳ፣ ከመጣች ወር ያልሞላት አንዲት ተማሪ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልዎ?» አለች። ተይው ልጄ፣ አታስቢ አልኳት። ሄደች ብዬ ቁልፌን ሳነሳ ዞር ብላ «እውነትዎን ነው? ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» አለችኝ። በይ እንግዲያው አምጪልኝ አልኩ። ደግሞ ለመጠየቅ የፈጀባት ይኸው ነው፤ አንድ ትንፋሽ። ሻዩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። መጠጣት አቅቶኝ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ጽጌ ዛሬም እዚሁ ነው የምትኖረው። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች፤ ለአጎቷ ያስተረጎምኩ ደግ ሰው ነኝና። ይህን ሁሉ ዘመን ምስጋናዋን እየተቀበልኩ ስልኩን ዘግቻለሁ። ትናንት ግን እኔ ደወልኩ። ሰላምታችንን ጨረስንና «ስንቴ ጠየቅሃቸው ብለሽኝ ነበር፤ አንዴ ነው ጽጌ። አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው» አልኳት።

ከኋላዋ ይሰማ የነበረውን ቴሌቪዥን ስታጠፋ ሰማኋት።

«እስቲ ድገመው» አለች።

ደገምኩላት።