ስለ ጥቁርና ነጩ ዓሣ ነባሪ ሳስረዳ የተበላው የአማቴ ውሻ

ዛሬ ጫሞ ዳር ቆሜ ሳስተምር የአማቴን ውሻ አዞ በላው።

የባለቤቴ አባት ውሻቸውን አስከትለው ከጨንቻ ወርደው ነበር። ሐይቁን ሲያዩ በቴሌቪዥን ያዩት ገዳይ ዓሣ ነባሪ ትዝ አላቸውና ለምን ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"አባባ፣ ጀርባው ጥቁር ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ከጥልቁ ውሃ አይለይም። ሆዱ ነጭ ስለሆነ ከታች ሲያዩት ብርሃን ይመስላል። የሚበላው እንስሳ የሚያየው ከተያዘ በኋላ ነው።"

(ማብራሪያዬ ግን ቆንጆ ነበር።)

ደጋው ጨንቻ ላይ አዞ ስለሌለ ውሻ ውሃ ሲጠጣ የሚከለክል የለም፤ እሳቸውም ውሻው ሊጠጣ ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ዝም አሉት። እኔ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ነበር። ውሻው አንዴ ጮኾ ቀረ።

አማቴ ጭቃማውን ውሃ ቆመው አዩና፣ "የዚህኛውስ ጀርባ ምን ዓይነት ቀለም አለው?" አሉኝ።

እናንተስ፣ ስታብራሩ ማን ተበላባችሁ?