ብረት ተማረች

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝና ልጄን አትዪብኝ» አለችኝ የወንድሜ ሚስት ትዕግሥት፣ የነጠላዋን ጫፍ በሕፃኑ ፊት ላይ ጣል እያደረገች።

ባለፈው እሑድ ነው። የታናሽ ወንድሜ የይበልጣል የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ተነስቶ፣ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በእግር ከሚገባበት ከአባቴ ቤት ተደግሶ ነበር። እኔም ከቡሬ የሕፃን አልጋ ይዤ መጣሁ። አልጋውን የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ቱቦላሬ ብረት ቆርጬ፣ በይጄ፣ የልጅ እጅ እንዳይቧጭር ጠርዙን በሞላ አለስልሼ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ። እስከ ማንኩሳ በአይሱዙ ጫንሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸከሙልኝ። ግንቦት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ የረጠበ አፈር ይሸታል።

ትዕግሥት ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ያደገች፣ ስልክ ከእጇ የማይለይ ልጅ ናት። አልጋውን ስታይ «ውይ ሲያምር!» ብላ አጨበጨበች። ከዚያ ሕፃኑን ልየው ብዬ ጎንበስ ስል ነው ነጠላውን የጣለችብኝ። በክፋት አይደለም። ፈገግ ብላ፣ ውሃ አቀብይኝ እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ተቆጥታ ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

በአማርኛችን የ«እዪልኝ» እና የ«አትዪብኝ» ዋና ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። «ል» ካለችበት ውለታ ነው፤ «ብ» ካለችበት ቡዳ ነው። እኔ በነዚህ በሁለቱ ፊደሎች መካከል ስመላለስ ነው ዕድሜዬ የሄደው። የተጀመረበትን ቀን አልረሳውም። የተመረቅሁበት ቀን ነው።

አሥረኛ ክፍል ስፈተን ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አላመጣሁም። አላለቀስሁም፤ ከዚያ በላይ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም ነበርና። ፍኖተ ሰላም ወርጄ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። ያገሬ ሴት ልጆች በሙሉ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ተሰልፈዋል። እኔ ሰልፉ መሃል ቆሜ ከወዲያ ማዶ ካለው ወርክሾፕ መዶሻ ሲጮህ ሰማሁ። ሰልፉን ጥዬ ሄድሁ። «ብረታ ብረት ነው ይሄ፤ ተሳስተሽ እንዳይሆን» አለኝ በር ላይ ያገኘሁት አሠልጣኝ። «አልተሳሳትሁም» አልሁት።

ለገና እረፍት ቤት ስገባ አባቴ እደጃፉ ተቀምጦ ዲሞትፎሩን በጨርቅ ይወለውላል። አባቴ ለልጁ ያለውን የሚያህል ፍቅር ለዚያ ጠመንጃ ነበረው፤ ከአያቴ የወረሰው ነው።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያስተምሩሽ?» አለኝ።

«ብረት።»

እጁን አቆመ። «ብረት?»

«አዎ፣ ብረት። መፍታት፣ መግጠም፣ የተሰበረ መበየድ።»

«ለሴትም ያስተምራሉ?»

«ሴት እኔ ብቻ ነኝ።»

አባቴ ሲስቅ ድምፅ አያሰማም፤ ትከሻው ነው የሚስቀው። ያን ቀን ትከሻው ለረጅም ጊዜ ሳቀ። «እንግዲህ ስትጨርሺ የኔንም ብረት ታዪልኛለሽ» አለኝ።

«አይልዎታለሁ» አልሁ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ገበሬ አፍ ብረት ማለት ጠመንጃ ነው። «ብረት አለው» የተባለ ሰው ጠመንጃ አለው ማለት ነው፤ ለልጁ ሚስት ሲጠየቅለትም አብሮ ይነሳል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት መምጣቴ ነው፤ ለእኔ ብረት ብረት ነው። በዚያው ጠዋት አባቴ ማረሻው አለቀ፣ የሚስልልኝም ሰው ጠፋ ብሎ ሲያማርር ሰምቼው ስለነበር፣ «የኔንም ብረት» ሲል ማረሻውን መሰለኝ። እሱ ግን የሚለው መቀርቀሪያው አልንቀሳቀስ ያለውን ዲሞትፎሩን ኖሯል።

ማረሻውን ይስልለት የነበረው አያ ፈንቴ የሚባል ባለ እጅ ነበር፤ ያን ዓመት ሞተ። አያ ፈንቴ በእርሻ ወራት ይመጣና ከአጥራችን ውጪ፣ ብሳናው ሥር፣ ወናፉን ተክሎ ይቀጠቅጣል። አጥሩ እንጨት ላይ የሱ ጣሳ ተሰቅላለች። ጠላ የማቀርብለት እኔ ነበርሁ። እናቴ «ከንፈሩን እንዳትነኪ፣ ከላይ አንቆርቁሪለት» ትለኛለች፤ የጣሳውን ከንፈር ማለቷ ነው። ማረሻው ከቤታችን ይገባል፤ አያ ፈንቴ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ዓይኑ ይበላል ይባል ነበር። እኔ ትዝ የሚለኝ ጢስ ያቀላው፣ ሲስቅ የሚጨፈን ዓይን ነው።

ብቻ ወሬው አገሩን አዳረሰ። «ያች ቀበጥ ብረት ተማረች!» አጎቴ አያ ቸኮል ሚሊሻ ስለነበር ከሁሉ በላይ ኮራ፤ «ወረዳ ላይ ግምጃ ቤት ትሾማለች፤ የሚሊሻው ብረት በሙሉ በሷ እጅ ነው የሚያልፈው» እያለ በየጠላ ቤቱ አወራልኝ። እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም። ወርክሾፕ ውስጥ ሆኜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ለአባቴ ማረሻ እሠራለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ተጣመመ። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሳወጣ አሠልጣኙ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አዳመጠውና «ይሄ ለምረቃው ይቀመጥ» አለ።

የምረቃው ቀን ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት አባራ። ፍኖተ ሰላም እንደዚያ ቀን አምራ አላየኋትም፤ ዳገቱ በሙሉ በቆሎ ነው፣ ጭቃው ግን ጫማ ያስወልቃል። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከአያ ቸኮል ጋር ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። እናቴ ድግሱ ላይ ስለነበረች አልመጣችም፤ በግ ታርዷል፣ የዳጉሳው ጠላ ተጠምቋል፣ ዳስ ተጥሏል።

የክብር እንግዳው ረጅም ንግግር አደረጉ። «እናንተ ሥራ ጠባቂዎች ሳትሆኑ ሥራ ፈጣሪዎች ናችሁ!» ሲሉ አያ ቸኮል ድምፁን ሳይቀንስ «ኧረ ፈጣሪስ አንድ ነው» አለ። ከኋላው ያሉት ገበሬዎች ሳቁ። እኔም በጋዋኔ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነው።

የሠራነው ሥራ ግቢው ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። በር፣ መስኮት፣ የከሰል ምድጃ፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀይ ሪባን የታሰረበት የኔ ማረሻ። አሠልጣኙ በማይክ «ብቸኛዋ ሴት የብረታ ብረት ተመራቂ!» ብሎ ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ተጨበጨበ። አባቴ እየተኮፈሰ መጣና ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየ።

«ብረቱስ?» አለኝ።

«ይኸው፣ አባባ። የእርስዎ ነው። ባሌስትራ ስለሆነ ቶሎ አይዶለዱምም።»

«ይሄ ማረሻ ነው።»

«አዎ፣ ማረሻ ነው።»

ወደ እጄ አየ። ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ አለበት። «አንች ነሽ የቀጠቀጥሽው?» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ።»

አያ ቸኮል ግን ቀስ ማለት አያውቅም። «እኮ ቀጥቃጭ አድርገው ነው የላኩልን! ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቅ የቋጠርነው ለፈንቴ ወራሽ ነው?»

ያገራችን ሰዎች ዘወር አሉ። ፎቶ አንሺው ነገሩ አልገባውም፤ የፕላስቲክ አበባ አስያዘኝና «አባት ጠጋ ይበሉ! ትንሽ ጠጋ!» ይላል። ፎቶው አሁንም አለኝ። እኔ ቆቤን ደፍቼ ቆሜያለሁ፤ ዳር ላይ ከፎቶው እየወጣ ያለ የጋቢ ጥለት ይታያል።

ወደ ማንኩሳ በአውቶቡስ ስንመለስ አባቴ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ማረሻውን በጋዋኔ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ከአንድ ቃል በቀር ምንም አልፈለግሁም ነበር። ቤት ስንደርስ፣ ሰው ፊት፣ «ልጄ ናት» እንዲልልኝ። ከዚያ በኋላ አያ ቸኮል የፈለገውን ይበል። አባቴ ልጄ ናት ካለ ማንም አፉን አይከፍትም።

አያ ቸኮል ግን ከማንኩሳ ሲወርድ እንደ በቅሎ ሶምሶማ ይዞ ቀደመን። እኛ ስንደርስ ወሬው ደርሷል። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ አባቴን አየችና መልሳ ዘጋችው። ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ለወጉ ያህል እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ አንድም ሰው የለም። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ወደ ጀርባዋ አዞረችው። በዚያው ዳስ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ በሕፃንነቴ አዝሎኛል።

እናቴ የጠላ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ይዛ ወደኔ መጣች።

«በየትኛው ልትሰጫት ነው?» አለ አያ ቸኮል።

እናቴ ቆመች። አባቴን አየችው። አባቴ ፊት ለፊቱ ያለውን ሥጋ ያያል። እናቴ ወጣችና ጣሳዋን ከአጥሩ አውርዳ፣ አለቅልቃ፣ ይዛ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ሰው እያየን ነው ልጄ፤ ለዛሬ ብቻ» አለችኝ። ከላይ አንቆረቆረችልኝ። ከንፈሩን አልነካችም።

አያ ቸኮል ብርጭቆውን አንስቶ «ዘሯ የኛ፣ እጇ የነሱ!» አለ። ሰዉ ቅኔ እንደዘረፈ ሁሉ አደነቀለት። «ይበል!» ያለም አለ። አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ነው የምጠብቀው። አጥንቱን ጋጠና አስቀመጠ፤ እጁንም ታጠበ።

ጠላውን ጨለጥሁት። ዝገትና ዝናብ ይላል።

በማግስቱ ማረሻውን እደጃፉ ትቼ ቡሬ ገባሁ። ከአንድ ጋራዥ ተቀጠርሁ፤ ቆይቼም የራሴን ቤት ከፈትሁ። ቡሬ ውስጥ ስንት የበርበሬ መጋዘን፣ ስንት ግቢ በኔ በር ይዘጋል። በሩን ሲያዝዙኝ «ጎበዝ ናት» ይላሉ፤ ሽማግሌ ግን አንድም ቤት ልኮብኝ አያውቅም። ይበልጣል አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አባቴ በማረሻዬ እንደሚያርስ ነገረኝ። ሰው ሲጠይቀው «ከቡሬ ገበያ የገዛሁት ነው» ይላል አሉ። አያ ቸኮልም እየተዋሰ ያርስበታል።

እንግዲህ በእሑዱ ክርስትና ላይ፣ ትዕግሥት ነጠላውን በልጇ ላይ ስትጥል፣ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ቀና ብዬ ወደ ዳሱ ጥግ ሄጄ ተቀመጥሁ። እናቴ ጠላ አመጣችልኝ፤ አሁን በብርጭቆ ነው። ለዚች ብርጭቆ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። አፌን ይቅር ብለውታል ማለት ነው፤ ዓይኔን ግን ገና አላመኑትም። በዚህ ሂሳብ ዓይኔ የሚታመነው ሲጠፋ ይሆናል። ደግሞ የሚገርመኝ የባላገሩ አይደለም፤ የዚች ስልክ ነካኪ ነው። ለአያቶቻችን ሲሆን ድንቁርና እንለዋለን፤ ለሷ ምን እንደምንለው አላውቅም። በዳሱ ቀዳዳ ሰማያዊው አልጋዬ ይታየኛል። ጓሮ አውጥተውታል፤ የበቅሎ ኮርቻ ተጭኖበታል።

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይመለከተኝ ነበር። አርጅቷል፤ ትከሻው ወርዷል። አያ ቸኮል አጠገቡ ተቀምጧል።

«አትጠገብ» አለኝ በስሜ ጠርቶ።

«አቤት፣ አባባ።»

«መሬቱ ርሷል፤ ነገ በሬ መጥመዴ ነው። ማረሻው ዶልዱሟል።» በጣቱ ወደ ቤቱ ግድግዳ አሳየኝ፤ ከጅራፉ አጠገብ ተሰቅሏል። «ሳትሄጂ እዪልኝ እስቲ። ቀጥቀጥ ብታደርጊው ይበቃዋል።»

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ። ማረሻውን ከተሰቀለበት ሳላወርድ፣ በአጥሩ በኩል፣ ጣሳዋ በተሰቀለችበት አልፌ፣ ወደ ማንኩሳ የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ።