ከፍሬኑ በፊት መሪውን መረጥሁ

ነገሩ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ሰሊጥ የሚታጨድበት፣ መንገዱ በጉልበት ሠራተኛና በትራክተር የሚጨናነቅበት ወቅት። ሰው የተበደለውን ሲያወራ እሰማለሁ። የእኔ ግን የበደልሁት ነው፤ ከልቤ ያልወጣውም ለዚህ ነው።

ኑሮዬ ሸሕዲ ነው። ከከተማው ወጣ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በሳይክል አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ሳይክሌ ማውንቴን ነው፤ ከአንድ ከተዛወረ መምህር የገዛሁት አሮጌ። መሪው ጠባብና ዝቅ ያለ ስለነበር ጀርባዬን ያመኝ ነበር። ፍሬኑም ደክሟል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ለማስቀየር አቅም ስላልነበረኝ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልኬ የሳይክል ቪዲዮ ሳይ ሰነበትሁ። የመሪውን ስፋት በስንዝር ለካሁ። መሪውን የሚይዘው አንገት አጭር ይሻላል ረጅም እያልሁ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ። ስለ ፍሬን አንድም ቪዲዮ አላየሁም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መተማ ወርጀ ጫፍና ጫፉ ቀና ያለ ጥቁር ሰፊ መሪ ከነአጭር አንገቱ ገዛሁ። ሻጩ አዲስ የፍሬን ዕቃም አሳይቶኝ ነበር። አገላብጨ አየሁትና መለስሁለት።

የገጠሙልኝ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ሳይክል ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ገጥመው ሲጨርሱ መሪውን ግራና ቀኝ አዞሩት።

«ያምራል» አሉኝ። «ግን የድሮው የፍሬን ገመድ ለዚህ መሪ አጥሯል። ስታዞረው ይወጠራል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። የኋላው ፍሬን ጎማም ተበልቶ አልቋል።»

«ደመወዝ ስቀበል አስቀይረዋለሁ፣ ጋሸ።»

«እስከዚያ ቁልቁለት ላይ ወርደህ ግፋው። ለሰውም እንዳታውስ።»

ደመወዝ ተቀበልሁ። ሌላ ነገር ገዛሁበት። ምን እንደነበር እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም።

መምህር አስማረ የሒሳብ መምህራችን ነበር። የጎጃም ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ ያለ ኮምፓስ ክብ ሲሥል ተማሪዎቹ ዝም ብለው ያዩት ነበር። አንድ ዓርብ የፈተና ወረቀት ሸሕዲ ሄዶ መባዛት ነበረበት፤ የተቀጠረው ባጃጅ ቀረ።

«ሳይክልህን ስጠኝ፣ እኔ ደርሸ ልምጣ» አለኝ።

በመምህራን ማረፊያው አምስት ስድስት ሆነን ተቀምጠናል። መሪዬን ማድነቅ ለሁሉም ልማድ ሆኖ ነበር። እዚያ መካከል «ፍሬኑ አይሠራም» ማለት አሳፈረኝ። ያን ሁሉ ብር ለመሪ አውጥቶ ፍሬን የሌለው ሰው ልባል ነው። ስለዚህ «ቀስ በል» ብቻ አልሁት።

«ምነው፣ መሪህ እንዳይጫርብህ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሰዓት ሳይሞላ አንድ ባጃጅ ነጂ መጥቶ ነገረን። ወንዙ አፋፍ ያለው ቁልቁለት ላይ ሠራተኛ የጫነ ትራክተር ከማሳ ወጥቶ መንገዱን ዘጋበት። አስማረ ሊሸሽ መሪውን ሲያዞር የፊቱ ፍሬን ገመድ ተበጠሰ። የኋላውም አልያዘለትም። ከድልድዩ ጠርዝ ጋር ተላተመ።

ስንደርስ ሠራተኞቹ ከበውት መሬት ላይ ተቀምጧል። የቀኝ እጁ አንጓ መታጠፍ ወደማይገባው በኩል ታጥፏል። በግራው የፈተናውን ወረቀት ደረቱ ላይ ይዟል። ሲያየኝ «እንካ ተቀበለኝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው» አለኝ።

ጎንደር ወስደነው እጁ ውስጥ ብረት ገባለት። በሦስተኛው ቀን አልጋው አጠገብ ብቻችንን ሆንን።

«መሪህን አጣመምሁብህ፣ ይቅርታ» አለኝ። «ሰፊ መሪ አልለመድሁም። ፍሬኑንም ደንግጨ ያለ ልክ ጨብጨ በጠስሁብህ መሰለኝ።»

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌንም ከፍቸ ነበር። የወጣው ግን «ግድ የለም፣ ብረት ነው፤ ይቃናል» የሚል ቃል ነው። ለሠራሁት ጥፋት እኔው ይቅርታ አደረግሁለት።

ሳይክሉን ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ወሰድሁት። የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ነግረኸው ነበር?»

መፍቻውን አንስቸ አቀበልኋቸው። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙልኝም። መሪውን አቃንተው፣ ሁለቱንም ፍሬን ለውጠው ሰጡኝ። ዛሬም ሰላም ስላቸው ይመልሱልኛል፤ እንደ ድሮው «ና አረፍ በል» ግን አይሉኝም።

የአስማረ እጅ ዳነ፤ አንጓው ግን አይታጠፍም። በዓመቱ ተዛውሮ ወደ ሀገሩ ገባ። አሁን ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው በግራው ነው አሉ። በየበዓሉ ይደውልልኛል። ባለፈው ፋሲካ ደውሎ፣ አንድ ተማሪው ጎበዝ ሳይክል ነጂ ነበሩ ወይ ብሎ ሲጠይቀው መንዳት እንደማይችል እንደነገረው እየሳቀ አጫወተኝ። አስማረ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እኔ ዝም በማለቴ በራሱ ላይ እምነት አጣ።

ስልኩን ስዘጋ ሁልጊዜ በሚቀጥለው እነግረዋለሁ እላለሁ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ለማላውቀው አንባቢ መጻፉ ለእሱ ከመንገር ቀለለኝ። በዚህም አፍራለሁ።