በአንኮበር መንገድ የተለዋወጥነው ወንበር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። የቤቴን ሰው ሕመም አደባባይ ማውጣት አልወድም። የጻፍኩት አንድ የማላውቀው ሰው ባለቤቴን ስላተረፈልኝ ነው።

ባለቤቴ ሽንት ቤት መመላለስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ስጠይቀው «ብርድ ነው» ይለኛል። አንኮበር ብርድ ስለማይጠፋ አመንኩት። ብርዱን ያስወጣለታል ብዬ የገብስ ውሃ አፈላለት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋትም ልጃችንን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ብርሃን ስንነሳ ትልቅ ኩባያ አጠጣሁት።

መኪናው ብዙ ሳይርቅ ባለቤቴ «አውርዱኝ» አለ። ቆይቶ ተመለሰ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ አስቆመ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አባባ፣ ጠላው ነው መሰለኝ» ሲል ሰው ሳቀ። በዚያ ብርድ የባለቤቴ ፊት በላብ ርሶ ነበር።

ከፊታችን ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭነው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ዞር ብለው አዩትና «እህቴ፣ እስቲ ወንበር እንለዋወጥ» አሉኝ። ግራ ቢገባኝም ተነሣሁ። አጠገቡ ተቀምጠው በጆሮው ጠየቁት። ለእኔ ያልተነገረኝ ለእሳቸው ተነገረ። ካለፈው ማታ ጀምሮ ጠብታ ሽንት አልወጣውም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ሹፌሩ ጮክ ብለው «ልጄ፣ መናኸሪያ አትግባ፤ ሆስፒታል አድርሰን። እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ወላሂ የሚሳቅበት አይደለም» አሉ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሆስፒታል ቱቦ ገባለትና ሽንቱ ወረደ። ሐኪሟ ትንሽ ብንዘገይ ኩላሊቱ ይጎዳ እንደነበር ነገረችን። እኔ ካንሰር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ምርመራው ግን እንዳልሆነ አሳየ።

ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን። «ፕሮስቴት የምትባል እጢ የሽንት መውጫውን ከብባ ትገኛለች። በሰውነታችን ውስጥ ሕዋሳትን ‹ተባዙ› የሚሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ‹በቃችሁ› የሚሉም አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሚዛናቸው ይዛባና እጢዋ እያደገች መውጫውን ታጠበዋለች። ብርድ አይደለም የሚያሳድጋት» አለች።

ባለቤቴ «ሌላው ነገሬ ሁሉ ሲያንስ እሷ ብቻ አደገች በይኛ» አላት። ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

የገብሱን ውሃ ነገርኳት። «መውጫ ላጣ ፊኛ ተጨማሪ ውሃ ጭንቅ ነው» አለችኝ። አልተቆጣችኝም።

ሽማግሌው በርበሬያቸውን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥተው ቱቦው እስኪገባ ድረስ ደጅ ቆይተውልናል። ገበያቸው እንዳለፈባቸው አውቃለሁ። ላመሰግናቸው ስወጣ ቀድመው «ወረደለት?» አሉኝ።

«ወረደለት» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ።

ባለቤቴ በኋላ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ዛሬ ደኅና ነው። አሁን የሚያመውን ለእኔም ይነግረኛል። ከትዳራችን ዕድሜ አንጻር ዘግይቷል፤ ግን አልተቀየምኩትም።

የሽማግሌውን ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል። የአልዩ አምባ መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮቱ የተሳፋሪውን ፊት አያለሁ። ባገኛቸው ብዙ የምለው የለኝም። ባለቤቴን ጠርቼ ፊታቸው አቆመዋለሁ።