የንጉሡ ካባ ብብት

የቲያትር ቤቱን የአልባሳት ኃላፊ ተዋንያኑ «እትዬ አፍንጫ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቁበታል እንጂ አይቆጡም። የንጉሡ ካባ የከፋይ ጨርቅ ነው፤ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ጥልፉም ይኮማተራል፤ ታዲያ እንዴት ተደርጎ ይታጠብ? ንጉሡን የሚጫወተው ሰውዬ ደግሞ መብራቱ ሥር ሲቆም ላቡ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው። እትዬ ግን መላ አያጡም። ትርኢቱ እንዳለቀ ካባውን ይገለብጡና ገበሩ ላይ፣ በተለይ ብብቱ ላይ፣ በውሃ የቀጠነ አልኮል በመርጫ ረጨት ረጨት ያደርጉበታል። ከዚያ በርና መስኮቱን ከፍተው ነፋስ መሐል ይሰቅሉታል። በማግስቱ ብብቱን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ያሸታሉ። እሳቸው «ይሁን» ካላሉ ማንም ቢለምን ያ ልብስ መድረክ አይወጣም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ክፉ ጉንፋን ጋር ነው። ጉንፋኑ ሲሄድ ማሽተታቸውን ይዞ ሄደ። ሳሙና አሸተቱ፣ ምንም። ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቁ፣ ምንም። ለማን ይናገሩ? ሽታ የማይለይ የአልባሳት ኃላፊ ምን ይሠራል ተብለው ቤት እንዳይቀመጡ ፈሩ። ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም፤ ልጆቼ የሚሏቸው እነዚህኑ ተዋንያን ነው። ስለዚህ አፋቸውን ለጉመው፣ ልብሱን ሁሉ ወደ አፍንጫቸው እያስጠጉ «ይሁን» ማለታቸውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን ሁለት ትርኢት ተከታተለና በጥድፊያው መሐል መርጫው ውስጥ በአልኮሉ ፋንታ የመስታወት መወልወያውን አቼቶ ሞሉ። ንጉሡ ካባውን ሲለብስ ዓይኑን ትንሽ አርገበገበ፤ አመስግኗቸው ወጣ። ንግሥቲቱ አቅፋው እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ተመልካቹ እንዴት ተዋጣላት ብሎ አጨበጨበ። የምን መዋጣት፣ አቼቶው እኮ ነው! እትዬ ያወቁት መስታወት ሊወለውሉ ጠርሙሱን ሲያነሱ ባዶ ሆኖባቸው ነው። የአልኮሉ ጠርሙስ ግን አልተነካም። አንድም ሰው ቃል አለመተንፈሱ ደግሞ ይብስ አስጨነቃቸው።

በማግስቱ ለአለቃቸው ተናግረው ሊሰናበቱ ቆርጠው ቀደም ብለው መጡ። የአልባሳት ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ንጉሡ የወታደሩን ኮት ብብት ያሸታል። ንግሥቲቱም ካባውን ገልብጣ እያሸተተች፣ ትንሽ ይቀረዋልና እሳቸው ሳይመጡ ነፋስ ላይ እንመልሰው ትለዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ እትዬ ከበሩ ላይ።

ሁለቱም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ክው አሉ። ንጉሡ አንገቱን ደፋ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ነው፣ እትዬ። ድሮ ግማሹን ልብስ ይመልሱብን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ይሁን አሉ።»

እትዬ ገብተው ካባውን ከንግሥቲቱ እጅ ወሰዱ፣ ብብቱን ወደ እሷ አዞሩና፣ «በይ አሽችውና ንገሪኝ» አሏት።