ጉንጯ የነካው

አባቴ እህቱን ዘይነባን ከቤት አስወጣት። ሰፈሩ ሁሉ «ተስማምተው ነው የሄደችው» ሲል ስለኖረ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ባሏ ፈቷት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እኛ ቤት ገባች፤ እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ ይህች አክስቴ ናት።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አክስቴ ኩራዙን ለኩሳ፣ ማንደጃው ላይ የተረፈውን ፍም በአመድ ሸፈን አድርጋ ትቀመጣለች፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫዬን ሲያጠቁረው፣ ግራጫዋ ድመታችን የበሩን መቃን፣ የማንደጃውን እግር፣ የአክስቴን ጉልበት በጉንጯ እያሸች ትዞራለች። አንድ ምሽት ድመቷ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ አክስቴን ጠየቅኋት።

«ቤት ሲከፋፈል ተኝታ ነበራ!» አለችኝ። «ውሻ ደጁን፣ ዶሮ ቆጡን፣ በሬ ጋጣውን፣ ሰው የቀረውን ሁሉ ወሰደ። ይች እንቅልፋም ስትደርስ አከፋፋዩ ሊሄድ ተነሥቷል። ‹ምንም አልተረፈም፤ በይ ጉንጭሽ የነካው ያንቺ ይሁን› አላት። እየዘለለች ወጣች። ምስክር መጥራት ግን ረሳች! ይኸው እስከ ዛሬ ያገኘችውን ታሻለች፤ ሰው ደግሞ ‹ወደደችኝ› ይላል። ‹አንተም የኔ ነህ› እያለችው እኮ ነው፣ ሞኙን!»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አክስቴ ራሷ ምስክር አልጠራችም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ቀዩን አፈር ከጭድና ከእበት ጋር አቡክታ፣ ዝናብ የላጠውን ግድግዳ በመዳፏ ትመርጋለች፤ ጥጉ ላይ ስትንጠራራ ጉንጯ ጭቃ ይነካል፤ እሷ ግን አትጠርገውም። «ቤቴ አማረ» ትላለች። በእኛ አገር ወንዱ ያቆማል፣ ሴቷ ትመርጋለች፤ ቤቱ የማን ነው ሲባል ግን የመረገውን እጅ የሚጠይቅ የለም። አክስቴ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ አላወቀችም።

አባቴ ከኮምቦልቻ አዲስ ሚስት ሊያመጣ ሲነሣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰነው። ልስኑ ሲደርቅ አክስቴን ጠርቶ «ሁለት ሴት ለአንድ ጓዳ አይሆንም፤ ቢስቲማ ዘመዶቻችን ዘንድ ይሻልሻል» አላት።

«ቤቴን ትቼ?» አለችው።

«ምን አለሽና እዚህ?»

መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሲሚንቶው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር፤ የጣቷ ምልክት የትም የለም። አንድም ቃል ሳትመልስለት እቃዋን በጨርቅ ቋጥራ ሚኒባስ ተሳፈረች። አዲሷ ሚስት በገባች ቀን ድመቷ ቀሚሷን በጉንጯ ስታሽ አየሁ። «ወይኔ፣ ወደደችኝ!» አለች ሴትዮዋ። አክስቴ ቢስቲማ ሞተች፤ ያለ ቤት።

ትምህርቴን በልጅነቴ ባቋርጥም እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ገጾቹ የተገነጣጠሉ መጽሐፍ፣ ድመት ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያመነጭ እጢ እንዳላት፣ የታሸችበትን ነገር በዚያ ሽታ የራሷ እንደምታደርገው፣ ሽታው ስለሚጠፋም እንደምትደጋግመው ነገረኝ። መቼም አንዴ የነካችው ጸንቶላት ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኳን ባልደከመች። እኔም ኮምቦልቻ በተከራየሁት ክፍል፣ አከራዩ ነገ ውጪ ሊለኝ እንደሚችል እያወቅሁ፣ ግድግዳውን በየዓመቱ እቀባለሁ። ከአክስቴ የቀረልኝ ይኸው ነው፦ የሰው ግድግዳ ማሳመር።

አባቴ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሚስቱ ስትሞት ከፊተኛ ባሏ የወለደቻቸው ልጆቿ የሆጤውን ቤት ይዘው «ልጅዎ ዘንድ ይሻልዎታል» ብለው ሰደዱት። አላዘንኩለትም፤ ደስም አላለኝ። አበላዋለሁ፣ እግሩን አጥበዋለሁ፣ ያለፈውን አናነሣም።

ባለፈው ሳምንት ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ የግቢው ድመት መጥታ ቅልጥሙን በጉንጯ አሸችው። በከዘራው ገፋት።

«ሂጂ ወዲያ! ምን አለሽና እዚህ?»

የማጥበውን ሳህን አስቀመጥኩ። አክስቴ ሳትመልሰው የሄደችው ቃል ይህን ሁሉ ዘመን ጉሮሮዬ ውስጥ አርጅቶ ኖሯል፤ በአክብሮት፣ ድምፄን ሳላነሣ ሰጠሁት፦

«አባባ፣ እርስዎስ ምን አለዎትና?»