አፉን ለነፋስ የሰጠሁት ጣሪያ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የጾሜን ጉድለት እየነገርኩ ይህን እዘለዋለሁ።

ደብረ ታቦር ላይ ቆርቆሮ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጋዘን ጣሪያ ብዙ ነገር አለው፤ የሚሸከመው ብረት፣ ሞራሌው፣ ቆርቆሮው፣ ጎማ ያለው ሚስማር፣ አሸንዳው። ሁሉም ደኅና ሆኖ አነባበሩ ከተበላሸ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። እኛ ዘንድ ነፋሱ የሚመጣው ከጉና ተራራ በኩል ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ መደርደር የሚጀመረው ነፋስ ከማያገኘው ጫፍ ነው፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ እየተነባበረ ሲሄድ የመጋጠሚያው አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ይህን ያስተማሩኝ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት አያ ታከለ ናቸው።

ትርንጎ የምትባል ሴት ከዐረብ አገር ተመልሳ የሲሚንቶ መጋዘን ስታሠራ፣ ጣሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለጥምቀት ታቦቱ በደጇ ስለሚያልፍ የመንገዱ ወገን ቀድሞ ተሸፍኖ እንዲታይላት ፈለገች። የመንገዱ ወገን ደግሞ የጉና ወገን ነው። አያ ታከለ ሞራሌ ሊገዙ አንበሳሜ ሄደው ነበር። እኔ ምስጋና አማረኝና ከመንገዱ ወገን ጀመርኩ። ሳላውቅ ነው? እያወቅሁ ነው እንጂ።

ሲመለሱ ቀና ብለው አዩና «ምነው ወንድሜ፣ አፉን ለነፋስ ሰጠኸው። እንንቀለው» አሉኝ። የተነቀለ ቆርቆሮ እንደ ወንፊት ነው፤ አዲስ መግዛት ሊመጣብኝ ነው።

«ሚስማሩ ይይዘዋል፣ አያ» አልኳቸው።

አልያዘውም። በክረምቱ ነፋሱ ዝናቡን በየመጋጠሚያው አስገባው። ትርንጎ ስንት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ የገዛችው ሲሚንቶ ድንጋይ ሆነ። ለሽማግሌ ነገረች። ማን ደረደረው ሲባል አያ ታከለን ጠቆምኩ። እኔ ነኝ የጠቆምኩት።

«እንግዲያው ማሉ» አሉን ሽማግሌዎቹ። አያ ታከለ ለእውነት እንኳ ላይምሉ ለንስሐ አባታቸው ቃል እንደገቡ አውቃለሁ። ያን ቃላቸውን ተማምኜ እኔ ማልኩ። በሐሰት ማልኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አልምልም አሉ፤ አለመማላቸው ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባቸው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ጣሪያ የሚያሠራቸው ጠፋ። ይፋግ ወርደው የሰው ማሳ ያርሳሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጨለማው እኔ ስሆን በምን ይጠራል?

ዘንድሮ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምሳ አቀረቡልኝ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እኔስ ድሮ ይቅር ብየሃለሁ» አሉኝ። «ልጄ ግን አባቴ ሥራ አበላሽቶ ነው ከከተማ የወጣው ብላ አደገች። ለሷ ንገርልኝ።»

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ስወጣ ልጃቸው ደጅ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ እንግዳ ነው ብላ በአክብሮት ተነሣችልኝ። ይህን የምትሰሙኝን እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ለእናንተ መንገር ቀላል ነው። እሷን ግን «ደኅና ዋይ» ብያት አለፍኩ።